በልጄ ዴስክ ላይ የተቀመጥኩባቸው ቅዳሜዎች

ልጄ ድምፅ አውጥታ ማንበብ ያቆመችው በእኔ ምክንያት ነው። ዛሬ በአንድ ትንፋሽ እጽፈዋለሁ እንጂ፣ ያኔ ለሰው መናገር ቀርቶ ለራሴ ማመን እንኳን ከብዶኝ ነበር።

ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩትም እዚያው ነው። አሰላ ያመጣኝ ትዳር ነው። ባለቤቴ የሳጉሬ ልጅ ነው፤ ከኢተያ ስንዴ ጭኖ አዳማና አዲስ አበባ የሚያራግፍ የጭነት መኪና ሹፌር። በሳምንት ሁለት ቀን ቤቱ ካደረ ብዙ አደረ። አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ ልጃችን ለትምህርት ስትደርስ፣ "በዚህ ቋንቋ ትማር፤ አማርኛውን ካንቺ ታገኘዋለች" አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ተስማማሁ። ትምህርት ቤቱም ቅርብ ነበር፤ ከቤታችን ቁልቁል አሥር ደቂቃ ቢያስኬድ ነው።

እኔ መንገድ ዳር በተከፈተች የቤታችን ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። የሠፈሩ ልጆች የደንብ ልብስ አብዛኛው በእጄ ያለፈ ነው። ከስፌቱ ሌላ ግን የምታወቀው በአንባቢነቴ ነበር። የመድኃኒት ወረቀት የሚያነብለት፣ ማመልከቻ የሚጽፍለት ያጣ ጎረቤት እኔ ዘንድ ይመጣል። የስፌት መኪናዬ አጠገብ ሁልጊዜ አንድ መጽሐፍ አይጠፋም። "ያንቺ ልጅማ ምን ትቸገራለች!" ይሉኝ ነበር። እኔም ከልቤ እንደዚያው አምን ነበር።

ያላሰብኩበት ቁቤን ነው። አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት ቁቤ መልኩ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ድምፁ ግን ብዙ ቦታ ላይ ይለያል። እኔ መልኩን አይቼ የማውቀው መሰለኝ። ቋንቋውን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የለመድኩት ለሰላምታና ለገበያ የሚሆነኝን ያህል ብቻ ነው፤ ወገብ ስለካና ዋጋ ስነጋገር እግባባለሁ። ከዚያ ያለፈውን ለባለቤቴ ትቼዋለሁ።

ልጄ ሁለተኛ ክፍል በገባች በጥቅምት ወር አንድ ቀን፣ ከትምህርት ቤት መልስ አጠገቤ ተቀምጣ ከሰሌዳ የገለበጠችውን ዓረፍተ ነገር ታነብልኝ ነበር። መጽሐፍ ስላልተዳረሰ መምህሯ ሰሌዳ ላይ ትጽፍላቸዋለች፤ እነሱም ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ። ልጄ እያንዳንዱን ቃል በጣቷ እየተከተለች ስታነብ አንዱን ቃል "ጨፌ" አለችው። ጎንበስ ብዬ አየሁት።

"እስቲ ድገሚው" አልኳት።

"ጨፌ።"

"ጨ ከየት መጣ? ይሄ ሲ ነው። ሲ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ኤፍ፣ ኢ፣ ኢ። ካፌ!"

"ቲቸር ጨፌ ነው ያለችው።"

"ቲቸር ስትናገር አልሰማሽም ማለት ነው። አስፋልቱ ላይ ስንት ካፌ አለ? የተጻፈውን አይተሽ አታውቂም?"

ወደ ደብተሯ መለስ ብላ ቃሉን አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ "ካፌ" አለች። አሥር ጊዜ አስደገምኳት። በሥራዬ ረክቼ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ልጄ ተለወጠች። ደብተሯን ሳትጠየቅ የምታወጣ የነበረችው፣ "ቲቸር የቤት ሥራ አልሰጠችም" ማለት ጀመረች። አስገድጄ ሳስነብባት ድምፅዋ ከከንፈሯ አያልፍም። ሰነፈች ብዬ ተቆጣኋት። መናገር ያሳፍረኛል እንጂ፣ አንድ ሁለቴ ጆሮዋንም ቆንጥጫታለሁ።

በዚያው ሰሞን ደብተሯ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ማስታወሻ መጣ። አራት መስመር ይሆናል። ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ አንድም ቃል አልገባኝም። መጨረሻው ላይ ግን "ገለቶማ" የሚለውን ለየሁ። እሱን አሰላ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። እንግዲያ ምስጋና ነው አልኩና ከሥሩ ፈረምኩ። ፊርማዬ ያምራል፤ ልጅ ሆኜ ብዙ ተለማምጄበታለሁ። ከሳምንት በኋላ ሁለተኛ ማስታወሻ መጣ። እሱም "ገለቶማ" ነበረው። ፈረምኩ። ሦስተኛውም መጣ፤ ፈረምኩ። ባለቤቴን በስልክ ልጠይቀው እችል ነበር። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴን ልጠይቃት እችል ነበር። ግን የሠፈሩን ወረቀት የማነበው እኔ፣ የገዛ ልጄን ደብተር ይዤ "ይህ ምን ይላል?" ብዬ ሰው ደጅ ልሂድ? አላደረግኩትም።

ኅዳር ሲገባ ልጄ፣ "ቅዳሜ ጠዋት ወላጅ ይምጣ ተብሏል፤ ወላጆች ሊማሩ ነው" አለችኝ። ወላጅ ምን ይማራል? የተለመደው ስብሰባ መስሎኝ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ሄድኩ።

የገባነው የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ነው። ዴስኮቹ የሕፃናት ስለሆኑ ጉልበታችን ከደረታችን ጋር ተጋጠመ። ሃያ የምንሆን ወላጆች ነበርን። የጠዋቱ ብርድ አጥንት ይሰብር ስለነበር ሁላችንም እጃችንን ብብታችን ውስጥ ሸጉጠናል። አጠገቤ ጋቢ የደረቡ፣ ቦት ጫማቸው ላይ ጭቃ የደረቀባቸው አንድ ሽማግሌ ተቀመጡ። ከከተማው ወጣ ብለው ስንዴና ገብስ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ የልጃቸውን ልጅ ያሳድጋሉ። የልጅ ልጃቸውና ልጄ አንድ ክፍል ነበሩ።

መምህሯ የበቆጂ ልጅ ናት፤ ገና ወጣት፣ ድምፅዋ ለስላሳ። መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ ትናገራለች፣ ቀጥላ በአማርኛ ትደግመዋለች። "ለስድስት ቅዳሜ እዚህ ተማሪዎቹ እናንተ ናችሁ" አለችን። "ልጆቻችሁን ቤት ውስጥ እንዴት እንደምታግዟቸው አብረን እንማራለን። እስቲ መጀመሪያ አሁን የምታደርጉትን ንገሩኝ።"

እጄን አወጣሁ። ልጄን በየቀኑ እንደማስነብባት፣ ስትሳሳት ወዲያው እንደማርማት፣ ደብተሯን ሳላይ፣ ሳልፈርም እንደማላድር በሰፊው ተናገርኩ። ሰዎቹ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። መምህሯ አመስግና ወደ ሽማግሌው ዞረች።

"አባባ፣ እርስዎስ?"

"እኔ ምን አውቄ?" አሉ፣ አማርኛቸውን በኦሮምኛ ዜማ እየጎተቱ። "ፊደል አልቆጠርኩም። ከትምህርት ቤት ስትመጣ 'ዛሬ ምን አመጣሽልኝ?' እላታለሁ። ትነግረኛለች። ካልገባኝ እጠይቃታለሁ። አሁንም ካልገባኝ አሁንም እጠይቃታለሁ። እኔ እንደሆንኩ ቶሎ አይገባኝም።"

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ከበላይ ሆኜ የምስቀው ሳቅ ነበር። መምህሯ ግን አልሳቀችም። "የእሳቸው የልጅ ልጅ ከክፍላችን አንደኛ አንባቢ ናት" አለች። ሳቄ አፌ ላይ ቀረ።

ትምህርቱ አልቆ ልወጣ ስል መምህሯ ጠራችኝ። የልጄን ደብተር ይዛለች። ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቃ ገለጠችው፤ ሦስቱ ቀይ ማስታወሻዎችና ሦስቱ ፊርማዎቼ።

"የጻፍኩልዎትን አንብበውታል?" አለችኝ።

"አዎ፣ አነበብኩት።"

"ታዲያ ለምን አልመጡም?"

ይህን ሁሉ ዓመት ሳነብ ኖሬ፣ እዚያች ክፍል ውስጥ የሕፃን ዴስክ ተደግፌ ላቤ መጣ። ልዋሻትም አሰብኩ፤ ታምሜ ነበር፣ ሥራ በዝቶብኝ ነበር ልላት። ከዚያ ደከመኝ። ሌላ ቃል አላገኝለትም፤ በቃ መዋሸቱ ደከመኝ።

"ማንበብ አልችልም" አልኳት። "ቁቤ አላውቅም። ገለቶማ የሚለውን ብቻ አይቼ ነው የፈረምኩት።"

አልደነገጠችም፣ አልሳቀችም። ዴስኩ ላይ አጠገቤ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አነበበችልኝ። የመጀመሪያው፣ "ልጅዎ ክፍል ውስጥ ድምፅ አውጥታ ማንበብ አቁማለች። መጥተው ቢያነጋግሩኝ፤ አመሰግናለሁ" ይላል። ሁለተኛው፣ "አንብቢ ስላት ታለቅሳለች። ቤት ውስጥ ያስቸገራት ነገር አለ? እባክዎ ይምጡ፤ አመሰግናለሁ።" ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "'እማዬ ቲቸር ልክ አይደለችም ትላለች' ብላኛለች። የሆነውን ማወቅ እፈልጋለሁ፤ አመሰግናለሁ።"

እንባዬ መጣ። የካፌውን ነገር ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ አፏን በእጇ ያዘች።

"ሲ በቁቤ እኮ ጨ ናት" አለችኝ። "ቃሉ ጨፌ ነው፤ ሣር የበዛበት መስክ። ዓረፍተ ነገሩ 'በጎቹ ጨፌ ውስጥ ይግጣሉ' ይላል። እርስዎ በጎቹን ካፌ አስገቧቸው!"

ሳቋ አመለጣት። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። ሁለታችንም በጎቹ ወንበር ስበው ሲቀመጡ ሳይታየን አልቀረም። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ስወጣ ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች። ምንም የተስተካከለ ነገር ሳይኖር ሸክም ያራገፍኩ ያህል ቀለለኝ። የማልችለውን ነገር አንድ ሰው አወቀብኝ፣ ሰማይም አልተደፋብኝም።

ቤት ስደርስ ልጄ ደጃፍ ላይ የቁራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት ትሠራለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልጅን ይቅርታ መጠየቅ በእኛ ቤት አልተለመደም፤ እናቴ እኔን ጠይቃኝ አታውቅም። ቃሉ እስኪወጣልኝ ጨርቁን ሳገላብጥ ቆየሁ።

"ያን ቀን ጨፌ ያልሽው ልክ ነበርሽ" አልኳት። "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ የኔ እናት።"

ቀና ብላ ሳታየኝ "አውቄያለሁ" አለች።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ትቆጫለሻ።" አሻንጉሊቷን እያስተካከለች ጨመረች። "ክፍል ውስጥ ካፌ ብዬ ሳነብ ሁሉም ሳቁብኝ። ጨፌ ካልኩ ደግሞ አንቺ ትቆጫለሽ። ዝም ስል ማንም አይቆጣም።"

የስምንት ዓመት ልጅ፣ በእናቷና በመምህሯ መካከል ቆማ ያገኘችው መውጫ ዝምታ ነበር። አቀፍኳት። ብዙም አልተመቻትም፤ አሻንጉሊቷ እንዳይጨማደድባት ወደ ጎን ያዘችው።

በሁለተኛው ቅዳሜ መምህሯ ለእኔና እንደኔ ላሉ ሦስት ወላጆች እያንዳንዱ የቁቤ ፊደል አጠገቡ ድምፁ በአማርኛ ፊደል የተጻፈበት ወረቀት ሰጠችን። ኤክስ የምላት ጠ ሆነች። እኔ የስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት ለጠፍኩት። ለሁላችንም ያስተማረችን ግን ሌላ ነበር። ልጅ ስታነብ አታቋርጧት፣ እስክትጨርስ ጠብቁ፣ ስትጨርስ የተረዳችውን ጠይቋት፣ እናንተ የማታውቁትን እንድታስተምራችሁ ዕድል ስጧት አለችን። ሲሰሙት ቀላል ነው።

ለእኔ ግን ቀላል አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ልጄ ከብዙ ጊዜ በኋላ በራሷ ፈቃድ ደብተሯን አውጥታ ማንበብ ጀመረች። እኔ ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አጥንቼ ነበርና፣ ሁለተኛው መስመር ላይ አንዲት ፊደል ስትዘል አየሁ። "ዘለልሽ!" አልኩ፤ አፌ ቀደመኝ። ልጄ ደብተሩን ዘጋች። በዚያ ቀን የቀረውንም አላነበበችም፣ በማግስቱም አላነበበችም። ሁሉንም ነገር መልሼ ያበላሸሁት መሰለኝ።

ቅዳሜ ሽማግሌውን ላማክራቸው ፈልጌ ቀሩ። ለስንዴያቸው ሲጠብቁት የነበረው የማጨጃው ኮምባይነር ተራ ደርሷቸው ማሳቸው ላይ ውለዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጡ ጋቢያቸው ላይ አሁንም ገለባ ነበረበት። እንደተቀመጡ ችግሬን ነገርኳቸው።

ብዙ ሳያስቡ መለሱልኝ። "እኔ ስትሳሳት አላውቅባትም፤ ለዚህ ነው የማልቆጣት። ያንቺ ችግር ማወቅሽ ነው፣ ኢንተለ ኮ።" ኢንተለ ኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲያ በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

"ታዲያ ምን ላድርግ አባባ? አፌን አልችለውም።"

"እጅሽን ሥራ ስጪው። እኔ ስሰማት ገመድ እገምዳለሁ። ዓይን ገመድ ላይ ሲሆን ደብተር ላይ አይሄድም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የስፌት መኪናውን አቆማለሁ። ድምፁ ይረብሻታል። ቁልፍ የሚተከልላቸውን ሸሚዞች እቅፌ ላይ አድርጌ መርፌና ክር እይዛለሁ። "ዛሬ ምን አመጣሽልኝ?" እላታለሁ፤ ጥያቄውን ከሽማግሌው ወስጄዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትከሻዋን ነቀነቀችብኝ። እኔም ዝም ብዬ ቁልፌን ተከልኩ። በአራተኛው ቀን ግን "እንቁራሪት" አለችኝ።

"ምን እንቁራሪት?"

"የእንቁራሪት ታሪክ ነው። አታውቂውም፤ በኦሮምኛ ነው።"

"አላውቀውም። ንገሪኝ።"

ነገረችኝ። ከዚያ ያልገባኝን ጠየቅኋት። ለማስረዳት ብላ ደብተሩን ገለጠች፤ ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ላይ አሳረፈችና ድምፅዋን አውጥታ አነበበች። እኔ ቀና አላልኩም። መርፌውን አንድ ቁልፍ ላይ ከልክ በላይ መላልሼዋለሁ፤ ያን ቁልፍ ማንም ነቅሎ የሚያወጣው አይመስለኝም። ሁለት ቦታ ላይ ተሳሳተች። አንዱን ራሷ ተመልሳ አስተካከለችው። ሌላው እንደተሳሳተ አለፈ፣ እኔም አሳለፍኩት። እንቁራሪቷ እንደሆነች በሰላም ወንዟ ገባች።

ባለቤቴ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት፤ ማስታወሻዎቹንም ፊርማዎቼንም ጭምር። ይስቅብኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን፣ "እኔም እኮ ትምህርቴን ያቆምኩት ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ቋንቋዬ ይሁን እንጂ ሲጻፍ አላውቀውም። አንቺ አንባቢ ነሽ ብዬ ሁሉን ትቼልሽ ነው" አለኝ። ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረን ይህን ነግሮኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ አዳማ ማራገፊያ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ ይደውልና ልጁን ያስነብባታል። እሱ ቃላቱን ያውቃቸዋል፣ እኔ ፊደሎቹን እያወቅሁ ነው፣ እሷ ሁለቱንም ታውቃለች። በስልኩ ውስጥ እሱ ሲስቅ ስሰማ የምን ቃል እንዳሳቀው እጠይቃታለሁ፤ እሷም ኩራት በተሞላ ድምፅ ታስረዳኛለች።

በታኅሣሥ አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጄን ስጠብቅ መምህሯ ከሩቅ አየችኝና ተጣድፋ መጣች። ምን ተፈጠረ ብዬ ልቤ ደነገጠ።

"ዛሬ እጇን አወጣች" አለችኝ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። "አንብቢ ሳልላት፣ ራሷ እጇን አወጣች። እስከ መጨረሻው አነበበች።"

እንደገና እንድትነግረኝ ጠየቅኳት።

በስድስተኛው ቅዳሜ ልጆቹም አብረውን መጡ። የዚያን ቀን መምህራኑ እነሱ ነበሩ፤ እያንዳንዱ ልጅ ወላጁን አጠገቡ አስቀምጦ አንድ ገጽ ያስተምራል። የሽማግሌው የልጅ ልጅ አያቷን ስማቸውን ልታስጽፍ ትሞክር ነበር። እጃቸው ለእስክሪብቶው ከበዳቸው፤ የመጀመሪያዋን ፊደል ጽፈው ለረጅም ጊዜ አዩዋት፣ ከዚያ አንገታቸውን አዙረው ለእኔ አሳዩኝ። ልጄ ደግሞ ከእኔ ጋር ቆፍጠን ያለች አስተማሪ ሆነች። ስሳሳት "እስቲ ድገሚው" ትለኛለች። ድምፅዋ የራሴ ድምፅ መስሎኝ ትንሽ አፈርኩ። ግን ጆሮዬን አልቆነጠጠችኝም።

ስንመለስ በዋናው መንገድ በኩል ይሁን አለችኝ። ፀሐይ ነበር፤ ጋሪዎችና ባጃጆች አቧራውን ያስነሱታል፣ ወደ ላይ ጭላሎ ተራራ ያለ ደመና ጥርት ብሎ ይታያል። ልጄ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ ቆማ ታነባለች፤ የፋርማሲውን፣ የጎሚስታውን፣ የእህል መጋዘኑን። ቤት ውስጥ ሰኞ የሚወሰድ ያልተዘመዘመ ቀሚስ ጥዬ ነው የወጣሁት። በሌላ ጊዜ ቢሆን እጇን ይዤ እጎትታት ነበር። አንድ ረጅም ሰሌዳ ፊት ቆመችና፣ "ይሄ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

ሞከርኩት። መሃሉ ላይ ጠፋብኝ።

"አላውቀውም" አልኳት።

"እሺ ቆይ" አለችና ጣቷን ወደ ሰሌዳው ቀስራ ከመጀመሪያው ፊደል ጀመረች። ሰው በግራና በቀኝ ያልፈናል። እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ፣ እስክትጨርስ ጠበቅኋት።